ፍርሃት በጋቢ ሲለካ

ለተከበራችሁ የቻናሌ ተከታታዮች፣ ለአራት መቶ ዐሥራ ሁለታችሁም በሙሉ፤ በዘንድሮው የሃሎዊን ወቅት፣ ከመስከረም ሃያ አንድ እስከ ጥቅምት ሃያ አንድ፣ በቀን አንድ አስፈሪ ፊልም አይቼ ደረጃ ላወጣ የገባሁት ቃል በሃያ ሰባተኛው ፊልም ላይ የተቋረጠ መሆኑን በጥልቅ ኀዘን አስታውቃለሁ። መብራት ጠፍቶ አይደለም። ኔትወርክም አልተቋረጠም። ሕልም ስላየሁ ነው።

ለማያውቀኝ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ሃሎዊን ፈረንጆች ዱባ በሰው ፊት ቅርጽ ፈልፍለው፣ ልጆቻቸውን ሙት አስመስለው አልብሰው፣ በየበሩ ከረሜላ የሚያስለምኑበት በዓል ነው። እኛ ሰፈር አይከበርም። እኔ ግን ይኸው ስድስት ዓመቴ፣ ሳሎናችን ውስጥ መጋረጃ ዘግቼ ብቻዬን አከብረዋለሁ። ፊልሙን አያለሁ፤ ከዚያ ነጥቤን ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ። የምሰጠው ነጥብ በጋቢ ነው። አንድ ጋቢ ማለት ተከናንቦ በቀዳዳ ማየት የሚቻል ፍርሃት ነው። ሦስት ጋቢ ሲደርስ ሰው ከውስጥ ሆኖ "ሄደ? ሄደ?" እያለ ይጠይቃል። አምስት ጋቢ ሰጥቼ አላውቅም። ዳኝነቴ የከረረ ነው። አክስቴ ፈለቀች፣ "በግሸን ማርያም ዕለት ተነሥቶ ሰይጣን ማየት የሚጀምር፣ ያንተን ብቻ አየሁ" ትለኛለች።

እንግዲህ ትናንት እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ሻማ ይዛ ምድር ቤት ልትወርድ ስትል (ሁልጊዜ ይወርዳሉ፣ አንዷ እንኳ "ይቅርብኝ" ብላ አታውቅም) ሶፋው ላይ እንደተጋደምኩ አሸለበኝና እንዲህ አየሁ።

አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ረጅም ሰልፍ አለ፤ የተሰለፉት ግን ወንበሮች ናቸው። እያንዳንዱ ወንበር የሚቀመጥበት ሰው እስኪመደብለት ይጠብቃል። አንዱ አሮጌ ዱካ፣ "እኔ ከጠዋት ጀምሬ ነው የቆምኩት፤ እግሬን ቆረጠመኝ፤ እባካችሁ ትንሽ ቁጭ ልበል" እያለ ያማርራል። የሚሰማው አልነበረም።

በሩን የሚጠብቀው ጅብ ነበር። ካፖርት ለብሷል፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወደ ኋላው ሸሸ።

"ሰው ነህ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ብቻህን ነህ ወይስ ከመንጋህ ጋር?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"እስቲ ጥርስህን አሳየኝ።"

አሳየሁት። ትንሽ ተረጋጋ። ከኋላው ልጁ ሲነጫነጭ ተሰማኝ፤ እናቲቱም፣ "ዝም በል ብያለሁ! አያ ሰው መጣልህ!" አለችው። ልጁ ጸጥ አለ። ማንንም እንዲያ አስፈራርቼ አላውቅም፤ ክፉኛ አፈርኩ።

ከሲኒማ ቤቱ ጎን ድንኳን ተጥሏል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሙታን አግዳሚ ላይ ተደርድረው መሬት መሬት ያያሉ።

"ማን ሞቶ ነው?" አልኩት ጅቡን።

"ሞት ቢሆንማ ምን ነበር። ሰው ተወለደባቸው። ዛሬ ጠዋት፣ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ሴት ልጅ።"

"ታማ ነበር?"

"ምንም! ትናንት ማታ እኮ አብራቸው ስትስቅ ነበር። ድንገት ነው የተወለደችው።"

"እግዜር ያጽናቸው" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

እኔ እንኳ ዳኛ ነኝ፣ ፊልም ልገመግም ነው የመጣሁት አልኩት። ጅቡ ከካፖርቱ ኪስ ዝርዝር አውጥቶ በጥፍሩ ወረደበት። "ያፌት ውብሸት... አዎ አለህ። ግን ዳኛ አይልም። 'ዘመድ' ነው የሚለው።" የማን ዘመድ ብዬ ስጠይቀው ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በባትሪው ጨለማ እያበራልኝ ወደ ውስጥ አስገባኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ዳኞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ጭራቅ ናት፤ መነጽር አድርጋ ሹራብ ትሠራለች። በቀኟ አንሶላ የተከናነበ መንፈስ አለ። በግራዋ ጭንቅላቱ ዱባ የሆነ ፈረንጅ፣ ለዘንድሮው ሃሎዊን ከውጭ የተጋበዘ። ታዳሚው ሁሉ ፊልሙን ትቶ እሱን እያየ ምራቁን ይውጣል። "ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው" ይላል አንዱ ከኋላዬ። "ታዲያ በዘይት ነዋ!" ይለዋል ሌላው። ዱባው ምንም አልገባውም። ፈገግ እንዳለ ነው፤ ፈገግታውን በቢላ ነው የሠሩለት።

ከእያንዳንዱ ዳኛ አጠገብ አምስት አምስት ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል። የእኔ አሠራር! ማን እንደሰጣቸው ልጠይቅ ስል የመጀመሪያው ፊልም ተጀመረ።

አንድ ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ ተነሣና አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ፈጀ። ዳኞቹ አዛጉ።

"የሥራ ባልደረባችን ነው" አለ መንፈሱ። "ቀኑን ሙሉ ያየነውን ሰውዬ እዚህም?"

"ሠራተኛ ነው፤ ግን አያስቅም" አለች ጭራቋ። ዜሮ ጋቢ።

ሁለተኛው ፊልም ላይ አንዲት ሴትና ሦስት ልጆች ራት አቅርበው ይጠብቃሉ። ማንም አይናገርም። ወጡ ሲቀዘቅዝ ይታያል። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ፣ ተከፈተ፣ አንድ ሰውዬ ዳቦ በፌስታል ይዞ ገባና "ቆየሁባችሁ እንዴ?" አለ።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። መንፈሱ አንሶላው ላይ ሦስት ጋቢ ደረበ። ጭራቋ ሹራቧን ወርውራ ራሷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች። "ገባ! ኧረ ገባ! ሕፃናት ባሉበት እንዲህ ያለ ነገር ይታያል?" አንዲት አሮጊት ሙት ከጎኔ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። "የጠበቁት ሰው ሲመጣ አልችልም፣ ልጄ" አለችኝ። "ደም ቢሆን እችላለሁ።"

ጅቡ ጎንበስ ብሎ ሽልማቱን በጆሮዬ ነገረኝ። ከሁሉ በላይ ያስፈራው ፊልም ውስጥ ያለ ሰው እዚያ ከሙታኑ ጋር አይኖርም፤ አብረውት ማደር ስለሚፈሩ ዕለቱን ወደ ቤቱ ይሸኙታል። "በእግሩ?" አልኩት። "በእግሩ፣ በጫማው፣ እንደ ድሮው" አለኝ።

ይህን እየነገረኝ ሦስተኛው ፊልም ተጀመረ። ስሙ በትልቅ ፊደል መጣ፦ "ወይዘሮ ትርንጎ፣ አልጋ ቁጥር ዐሥራ አራት።"

እናቴ ናት። አምና ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ነው የሞተችው።

ትራስ ተደግፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሻሿን አስተካከለች። ነርሷ ገብታ ግሉኮሱን ነካ ነካ አደረገች።

"ደወላችሁለት፣ ልጄ?"

"ደውለናል፣ እማማ። አያነሣም።"

"እየነዳ ይሆናላ። እየነዳ ስልክ አያነሣም። በዚህስ ጠንቃቃ ነው።"

መኪና የለኝም። መንዳትም አልችልም።

ነርሷ ወጣች። በሩ ተዘጋ። እናቴ ጠበቀች። ሻሿን እንደገና አስተካከለች፤ እንግዳ ሲመጣ እንደምታደርገው ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ በእጇ ዳበሰችው። ጠበቀች። ፊልሙ ሙዚቃ እንኳ የለውም። ዳኞቹ መጀመሪያ ላይ ጋቢያቸውን ጨብጠው በሩን በጭንቀት ሲያዩ ነበር፤ አለመከፈቱን ሲያዩ ቀስ በቀስ እጃቸው ላላ። ጭራቋ ሹራቧን ከወለሉ አነሣች።

"ይኼስ ደስ ይላል" አለች። "ማንም አይመጣም። ከልጆች ጋር ሆነው የሚያዩት ነው።"

"ዜሮ" አለ መንፈሱ።

ዱባው ፈገግ አለ።

"ቆዩ!" ብዬ ተነሣሁ። "ክብርት ሰብሳቢ፣ ዜሮ አትበሉ! በሩ ይከፈታል! ዐሥር ደቂቃ ብቻ ታገሡኝ!"

"ማነው የሚመጣው?"

"እኔ ነኝ። ልጇ ነኝ።"

"ታዲያ ምን አቆየህ?"

ጭራቋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ በላዩ አየችኝ። "አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሲኒማ ቤት ነው። ማንም አያስርህም። ተናገር።"

"ፊልም እያየሁ ነበር" አልኩ። "ዐሥራ ዘጠነኛውን። ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ስልኩ ሲጠራ ድምፁን አጠፋሁት። ሆስፒታል መሆኑን... ቁጥሩን አይቼዋለሁ። ነጥቡን ልለጥፍና እሄዳለሁ ብዬ ነው።"

"ስንት ሰጠኸው?"

"ሁለት ጋቢ ተኩል።"

"ያን ያህል እንኳ አልነበረማ" አለ መንፈሱ፣ እንደ ማዘን ብሎ።

ከጎኔ የነበረችው አሮጊት ክንዴን ለቀቀችኝና ትንሽ ፈቀቅ አለች። ጭራቋ መነጽሯን አውልቃ በሹራቡ ጫፍ ስትወለውል ቆየች። ሸራው ላይ እናቴ አሁንም በሩን ታያለች።

"እንግዲህ ፊልሙ አላለቀም" አለች ጭራቋ በመጨረሻ። "ግባና ክፈተው።"

ሸራውን እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጌ ገባሁ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። ሕመምተኞች ሐኪሞችን አዝለው ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። አንድ ሽማግሌ ዶክተር ከአንዲት ነፍሰ ጡር ጀርባ ላይ ሆኖ እጄን ያዘኝ። "እባክህ፣ ትድናለህ በለኝ።" "ይድናሉ፣ ዶክተር" አልኩትና ሮጥኩ። የግድግዳው ሰዓት ቆሞ ግድግዳው ይዞራል። ጫማዬን ሳየው የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ ለካ ከሶፋው እንደተነሣሁ ነው የመጣሁት።

የአልጋዋ ቁጥር፣ ዐሥራ አራት፣ በሩ ላይ ተጽፏል።

እጀታውን ስይዝ ከኋላዬ አዳራሹ መጮህ ጀመረ። "መጣ! መጣ! ኧረ አስቁሙት!" ጅቡ ልጁን አቅፎ ሲያለቅስ ሰማሁት። ጋቢ በጋቢ ላይ ሲደረብ ይሰማኛል፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ለማንም ሰጥቼ የማላውቀው አምስት ጋቢ! ጩኹ፣ አልኩ በልቤ፤ እናቴን ፍሯት፤ አብረሽን አትደሪ በሏት፤ በጫማዋ እወስዳታለሁ። በሩን ከፈትኩት።

እናቴ ቀና አለች። አልተቆጣችም። አልደነገጠችም። ዘወትር ከገበያ ስትመለስ ሳሎን አንገቷን አስግጋ በምትጠይቀኝ ድምፅ፣ "ፊልሙ አለቀ፣ ያፌቴ?" አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ሳሎኑ ፀሐይ ሞልቶታል። መጋረጃውን የከፈተው አባቴ ነው። ዴኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ሪሞቱን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ። የእኔን ፍላሽ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። በምትኩ ሲዲ ከትቷል። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ፤ የእማዬ የቀብር ቪዲዮ ነው። ለቅሶ መድረስ ላልቻሉ ዘመዶች ተብሎ የተቀረጸ። ካሜራ ማኑ የለመደው ሠርግ ስለሆነ ሳጥኑ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ጥግ ላይ ቀይ ልብ አድርጎበታል። ሙት ዓመቷ ያለፈው ሳምንት ታስቦ እስኪውል ድረስ ከቤታችን ማንም ሲዲውን አልነካውም ነበር።

አባቴ ወደ ኋላ ያጠነጥነዋል።

አፈሩ ከጉድጓዱ እየዘለለ አካፋው ላይ ይወጣል። ሳጥኑ በገመድ ተስቦ ብርሃን አየ። ካህናቱ የኋሊት ሄዱ። ደረታቸውን የሚደቁ ሴቶች እጃቸውን ከደረታቸው አነሡ፤ እንባቸው ጉንጫቸውን ወጥቶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እማዬን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የኋሊት እየተራመደ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ በመታጠፊያው አልፎ ወደ ግቢያችን አመጣት። እኔም አለሁበት። የሳጥኑን ጫፍ ይዤ ወደ ቤት እመለሳለሁ።

አስገባናት። አባቴ እዚያ ላይ አቆመው። ጥቂት ካየው በኋላ ወደ መጨረሻው ወስዶ፣ ከአፈሩ ጀምሮ እንደገና ወደ ኋላ ማጠንጠን ያዘ።

"አባዬ" አልኩት፣ "ምን እያደረግህ ነው?"

ዞር ብሎ አላየኝም፤ ዓይኑ ወደ ቤት በምትመለሰው እማዬ ላይ ነው።

"አልነግርህም" አለኝ።