ስለ ጤናዬ እትዬ ሐመልማልን ጠይቁ

በዚህ አገር የታመመ ሰው አፍ አያስፈልገውም፤ አስታማሚ አለው። የት እንደሚያመው፣ ምን እንደቀመሰ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ የሚናገረው አስታማሚው ነው። የአሰላ አስታማሚዎች ሁሉ የበላይ ደግሞ ጎረቤቴ፣ ክብርት እትዬ ሐመልማል ናቸው።

«ዝም በል፣ እኔ ልንገራቸው!» ይላሉ። ባለባጃጁ ዲሪባ ወዴት እንደምሄድ በኦሮምኛ ሲጠይቀኝ እንኳ ቀድመውኝ በኦሮምኛ ይመልሱልኛል።

ሊምፎማ የሚባለው ካንሰሬ ኬሞውን ሁሉ አልፎ ሲመለስ፣ አዲስ አበባ ገና በመጀመሪያ ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት እንዳለ ተነገረኝ። እትዬ ሐመልማል ከእኔ ቀድመው ሚኒባስ ውስጥ ተገኙ።

«ፀረ እንግዳ አካል ይባላል» አለች ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ራሄል። «በአንድ እጁ የካንሰሩን ሴል፣ በሌላው የሰውነትን ተከላካይ ሴል ይዞ ያገናኛቸዋል።»

«አስታራቂ ሽማግሌ ነዋ!»

«የሚያገናኛቸው እንዲጣሉ ነው፣ እማማ።»

«እንዲህ ያለ ሽማግሌ አሰላም አለ። ከእሱ በፊት የወሰዱትስ ዳኑ?»

«የአንዳንዶቹ እጢ ቀንሷል፣ የሌሎቹ አልቀነሰም። አሁን የምናጠናው ምን ያህል ቢሰጥ እንደማይጎዳ ነው። ስለዚህ ታማሚው የሚሰማቸውን ራሳቸው መናገር አለባቸው። እርስዎ ውጭ ይጠብቁን።»

እትዬ ሐመልማል ተባረሩ። እኔም በገዛ አፌ ፈቃዴን ሰጠሁ፤ ኮራሁም።

መድኃኒቱ በደም ሥሬ መግባት እንደጀመረ ብርድ ብርድ አለኝ። ነርሷ «እንዴት ነዎት?» ስትለኝ ግን ያደግኩበት ወግ ቀደመኝ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

ሰው «እንዴት ነህ» ስለተባለ ሕመሙን ይዘረግፋል እንዴ?

በሩ ላይ የእትዬ ሐመልማል አንገት ብቅ አለ። «ውሸቱን ነው! ቅድም የላክሁለትን ብርቱካን ጎመዘዘኝ ሳይል በላው። ይሄ ልጅ ሳያማርር የበላው ነገር የለም። ደህና አይደለም፣ እኔ ልንገርሽ!»

ነርሷ ሙቀቴን ለካች። እየነደድኩ ነበር። ዶክተር ራሄል ሮጣ መጣች፤ መድኃኒቱን አስቆመች፣ ማብረጃ ሰጠችኝ። ትንሽ ብንዘገይ ለሕይወቴ ያሰጋ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። ለእትዬ ሐመልማልም ወንበር አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠችላቸው።

እጢው ይቀንስ አይቀንስ ገና አልታወቀም። ለማወቅ እጓጓለሁ፤ እፈራለሁም። በማግስቱ ዶክተር ራሄል መጥታ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

ዓይናቸው ቀልቷል፤ ወገባቸውን ደግፈው ይዘዋል። አንጀቴን በሉት።

«ውሸታቸውን ነው!» አልኩ። «ሌሊቱን ሙሉ እኔን ሲጠብቁ እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም…»

እትዬ ሐመልማል አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጄን አነሳሁ።

«ዝም ይበሉ፣ እኔ ልንገራት!»