ስለ ገንፎው ለዶክተሩ የተናገርኩት እኔ ነኝ

ሰው ሁሉ ጠዋት ተነስቶ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል። ምቀኛ ያለው ይበረታል፣ ምቀኛ የሌለው ይተኛል ለማለት ነው። ደግ። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፣ ይህን ሁሉ ጸሎት ፈጣሪ በማን በኩል ነው የሚመልሰው? ምቀኛው ከሰማይ በገመድ ይወርዳል? አይወርድም። እዚሁ ነገሌ፣ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ምግብ ቤት ከፍቶ ተቀምጧል። እኔ ነኝ። የስንቱ ጸሎት የተሰማው በኔ ነው፤ አንድ ሰው ግን መጥቶ አላመሰገነኝም።

ስሜ ዘነበች ነው። አገሩ «አዳዳ ዘነቡ» ይለኛል፤ አዳዳ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። አክስት ለመባል የወንድም ልጅ ያስፈልጋል ያለ ማነው? ፓስታ አሳምሮ የሚቀቅል ሰው የሁሉም አክስት ነው። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሉን ጨርሼ ቁጥሩ ላይ ስደርስ ተዳርኩ። እንግዲህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስህተት ካገኛችሁ ባሌን ውቀሱ።

ወደ ዶክተሩ ልግባ። ዶክተር ገልገሎ የአሬሮ ልጅ ነው። ገና ወጣት ሆኖ ወደ ሆስፒታላችን ሲመጣ ከቅጥነቱ የተነሳ ነጩ ጋውን ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። ያወፈርኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ ምሳውን እኔ ዘንድ፣ በጥጉ ወንበር። «አዳዳ፣ ዛሬ ምን አለዎት?» ይለኛል። ምን እንዳለኝ ያውቃል፤ ፓስታ ነው። ግን አክባሪ ልጅ ነበር፣ ይጠይቃል።

በዚያን ጊዜ ሆድ ከፍቶ ጠግኖ የሚዘጋ ሐኪም እሱ ብቻ ነበር። ከወደራም ከአሬሮም በአይሱዙ ጭነው ያመጡለታል። ታዲያ ምርጫ ሲመጣ ከተማው በሙሉ «እንዲህ ያለ ሰው ካልወከለን ማን ሊወክለን ነው?» አለ። እሱ አንድም ፎቶ አልለጠፈም። ምን ያደርግለታል? ሆዳችን ላይ የሰፋው ስፌት ፖስተሩ ነበር! ሽማግሌ ሸሚዙን ገልጦ «ይህን የሰፋ እጅ አገር መስፋት ያቅተዋል?» ሲል ማን አፍ አለው? እኔም የትርፍ አንጀቴን ጠባሳ ለሴቶች ማኅበር አሳይቻለሁ። ለሴቶቹ ብቻ።

መረጥነው። ጨፈርን። እሱም ክልል ምክር ቤት ገባ፤ ቆይቶም የጤና ቢሮ ኃላፊ ሆነ። ያን ጊዜ ነው የነቃነው። ያለችውን አንዲት ላም ለሙሽራ ሸልሞ «ወተቱስ የታለ?» እንደሚለው ሰውዬ ሆንን። ሐኪማችንን በገዛ ድምፃችን ሸኝተን፣ ትርፍ አንጀት የታመመ ሰው ይዘን ያቤሎ ድረስ በአቧራ ተንገላታን። ሌላ ሐኪም እስኪመደብ ድረስ ያልተረገመ የምርጫ ካርድ የለም።

አንድ ቀን ታዲያ ደንበኞቼ ምሳ እየበሉ ዶክተራችን በቴሌቪዥን ብቅ አለ። ወፍሯል፤ ግን የኔ ውፍረት አይደለም፣ የስብሰባ ውፍረት ነው። «የቆላ እናቶች ሆስፒታል ገብተው የማይቆዩት ጠልተውን አይደለም» አለ። «ሲወልዱ ገንፎ የሚያበላቸው ስለሌለ ነው። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የነገሌ እናት ናት። ከእንግዲህ በየጤና ጣቢያው እናቶች እስኪወልዱ የሚቆዩበት ቤት ይሠራል፤ ቤቱም ማድቤት ይኖረዋል።» ፖሊሲ ነው አሉ። ደንበኛው ሁሉ ወደኔ ዞረ። «አዳዳ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ጠረጴዛ እየወለወልኩ ፈገግ አልኩ። ነኝ አላልኩም። ፈገግታ ውሸት አይደለም።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ እናቲቱ አዴ ሀሊማ ናት፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ ትሸጣለች። ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ ይደርሳል። ልጆቿ ሁሉ ተሳክቶላቸዋል። ፍየሏ እንኳ መንታ ነው የምትወልደው፤ የኔዋ አንድ ወልዳ ወር ሙሉ ትተኛለች። ከእንዲህ ያለች ሴት ፊት ለፊት የምትኖሩ ከሆነ ችግሬ ይገባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዶክተሩ ገና ሳይመረጥ፣ እዚሁ ሆስፒታል ሳለ ነው። የእህቷን ልጅ ዳኪን ከአሬሮ አመጧት፤ ፅንሱ አቀማመጡ ጥሩ ስላልነበረ ዶክተሩ እስክትወልድ እዚሁ ትቆይ አለ። ግን ማን ይቆያል? በዚህ አገር ሴት ስትወልድ ማርቃ ትበላለች፤ ቅቤ የጠገበ ገንፎ፣ ዙሪያዋን ሴቶች ከበዋት። በሆስፒታሉ ደግሞ እሳት ክልክል ነው፤ የሚሰጠው ሻይ በዳቦ ነው። የገጠር ሴቶች አንድ ቀን ይተኙና ሽንት ቤት ደርሰን እንምጣ ብለው አሬሮ ይደርሳሉ። ሀሊማ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ከወላዶቹ ክፍል ጀርባ፣ አንሶላ ከሚሰጣበት ገመድ አጠገብ የከሰል ምድጃዋን ደብቃ፣ «እንኳን ስትወልጂ፣ ገና ሳትወልጂም ትበያለሽ» ብላ ለዳኪ ገንፎ አገነፋች። ሽታው በመስኮት ገባ። የጎን አልጋዋ ቀመሰች፣ ቀጥሎ ያለችውም ቀመሰች፤ በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ የሀሊማ ገበታ ሆነ።

የማን ምግብ ቤት ጭር አለ? የኔ። አስታማሚ ሁሉ ወደ ጓሮ ነው። እሱን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ምርቃቱን ነው። ሽማግሌዎች በአጥሩ ጥግ ተቀምጠው በኦሮምኛ «ሆራ፣ ቡላ!»፣ ርቢ፣ ክበሪ እያሉ ሲመርቋት ድምፁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማኛል። ያ ሁሉ ምርቃት ሲሻገር አንዱ እንኳ ተሳስቶ እኔ ላይ አያርፍም?

ዶክተሩ ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ጎንበስ ብዬ «ልጄ፣ ሐሜት እንደማልወድ ታውቃለህ» አልኩት። «ግን በሆስፒታልህ ጓሮ እሳት ይነዳል። ኋላ ሲቃጠል አዳዳ አልነገረችኝም እንዳትል።» ሹካውን ጥሎ ሮጠ። እኔም ሀሊማ ምድጃዋን ታቅፋ ስትባረር ለማየት በሬ ላይ ቆምኩ። ጠበቅሁ። ማንም አልወጣም። ፓስታው ቀዝቅዞ እንደ ገመድ ከደረቀ በኋላ ዶክተሩ መጣ፤ ከንፈሩ ጥግ ቅቤ አለ! «አዳዳ፣ አንዲትም ሴት አልጠፋችም እኮ! አልጋው ሁሉ ሙሉ ነው!» አለኝ፤ ፓስታዬን ሳይነካ ሄደ። እሳቱን ከሆስፒታሉ አጠፋለሁ ብዬ ወደ ሆዴ አዛወርኩት።

ሀሊማ አንድ ሰው እንዳሳጣት ሰማች። ማን ይሆን? ምድጃዋን ስታስገባ ያያት ዘበኛው ጋሽ ቦሩ ብቻ ነው፤ እሱ ነው አለች። ምስኪኑ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት። ከዚያ ወዲያ ሰላም አትለውም። በየረመዳኑ ለመንገዱ ሰው ሁሉ የምትልከው የምስር ሳምቡሳ እሱ በር ላይ ሲደርስ ያልፋል። መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ሳምቡሳዬን እየበላሁ በጣም አዘንኩለት።

በመጨረሻ የኛም ከተማ የእናቶች መቆያ ተሠርቶ ዶክተሩ ሊመርቅ መጣ። ጸጉሬን ተሠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ የፊት ወንበር ያዝኩ። ሀሊማ ግን የተቀመጠችው ከኋላ ነው። የታደለ ሰው ወንበር አይሻማም፤ ወንበሩ ራሱ ይመጣለታል። ዶክተሩ ተነሳና «ያቺ እናት እዚህ ናት፤ አዴ ሀሊማ!» ብሎ ጠርቶ ቡልኮ አለበሳት። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አጨበጨብኩ፤ በሁለት ጣት።

ቀጥሎም «ያን ዕለት ግን አንድ ሰው ጓሮውን ባያመለክተኝ ኖሮ እኔ ገንፎውን መቼም አላየውም ነበር» አለ፤ ወደኔ ግን አልተመለከተም። ሀሊማ ብድግ አለችና «እኔ አውቀዋለሁ፤ ቦሩ ነው!» አለች። «ቦሩ፣ ስንት ዓመት ተቀየምኩህ፤ ለካ የዚህ ሁሉ በረከት ምክንያት አንተ ነህ። አፉ በለኝ!» ሕዝቡ አበደ። ከምረቃው አስተናጋጆች አንዱ ሁለተኛ ቡልኮ አምጥቶ ጋሽ ቦሩ ትከሻ ላይ ጣል አደረገው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የኔን ያወጣው ቡልኮ ነው። ምንም ያልሠራ ሰው በኔ ተንኮል ቡልኮ ሲለብስ እንዴት ልቻል? ተነስቼ «ውሸት ነው! እሱ ትንፍሽ አላለም! ያሳጣኋት እኔ ነኝ፤ ቀንቼ ነው፣ በዚህ አፌ!» ብዬ ጮህኩ።

ዶክተሩ ግንባሩን ያዘና «አዳዳ፣ እኔ ስምዎን ለመሸሸግ ይህን ሁሉ ዓመት ስደክም!» አለ። ጋሽ ቦሩ «ስንት ዓመት ስምል ኖሬ» አለ፤ ቡልኮውን ግን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሀሊማ አየችኝ። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ልታዋርደኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ሆዬ ወገቧን ይዛ ትስቃለች! «ምቀኛ አታሳጣኝ ስል የኖርኩት ለካ ከመንገድ ማዶ ተሰምቶልኛል!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሳቋም ከኔ ያምራል።

ዶክተሩ ሲሄድ በመቆያው በር አጠገብ የአስተያየት ሳጥን አሰቀለ። «አዳዳ፣ ከእንግዲህ የሚያዩትን ሁሉ እዚህ ይጣሉልኝ፤ እኔ ራሴ አነበዋለሁ» አለኝ። ይህ ሹመት አይደለም? ቡልኮ ያልደረሰው ሰው ሳጥን ሲደርሰው መቀበል ነው።

ሀሊማ አሁን በመቆያው ማድቤት ሴቶቹን ገንፎ ታስተምራለች፤ ምርቃቱም እንደ ድሮው ነው። ትናንት በመሠረተ ትምህርት ፊደሌ፣ በትልቁ፣ «የሀሊማ ገንፎ ቅቤ ያንሰዋል» ብዬ ጽፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ቅናት ነው የምትሉ አትጠፉም። ግን እስኪ ፍረዱ፤ ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ለስንት እናት ቤት ተሠራ። አሁን ዝም ብል አገር አይጎዳም?