ስስ ድግስ

መምህሩ፦ ድምፅ የለውም ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም!

ታይፒስቱ፦ ተበላሽቷል መቼ አልኩህ ጋሼ? ሸውደውሃል ነው ያልኩህ።

መምህሩ፦ ማንም አልሸወደኝም! ሚዲ ኪቦርድ ነው። ሲፈጠርም ድምፅ የለውም።

ታይፒስቱ፦ (አንዱን ነጭ ቁልፍ ይጫናል። ጆሮውን ያስጠጋል። ደግሞ ይጫናል።) ድምፅ የሌለው ፒያኖ! ነገ ደግሞ ጎማ የሌለው መኪና ይዘህ ትመጣለህ።

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መምህሩ ሠላሳ ዓመት ፒያኖ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ አሁን የሚያስተምረው ሰው ሲያጣ አማቹን የሚያስተምር ሰው ነው። ታይፒስቱ የሟች ሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሆን ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ሳሎኑ ውስጥ ድሮ እውነተኛው ፒያኖ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ጠረጴዛ ተቀምጧል። የፒያኖው እግሮች ምንጣፉ ላይ የተዉት ጉድጓድ ግን እስከ ዛሬ አልሞላም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ የታይፒስቱ ነው፤ ዲዳው ኪቦርድ የመምህሩ።)

መምህሩ፦ ስማኝ። እህትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዝም ስትል ቤቱ አይናጋም ነበር?

ታይፒስቱ፦ ኧረ ይናጋል!

መምህሩ፦ በቃ። ይሄም እንደሷ ነው። ድምፅ አያሰማም፣ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ትእዛዙ በዚህች ሽቦ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል። እዚያ አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም አለ፤ ትእዛዙን ወደ ፊደል ይቀይረዋል። ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው ጌም አለ፤ ጌሙ ውስጥ ያለው ፒያኖ ፊደሉን ሲያገኝ ይጮኻል። ድምፁ ያለው እዚያ ነው።

ታይፒስቱ፦ እዚያ የት?

መምህሩ፦ እዚያ ነዋ! ጌሙ ውስጥ!

ታይፒስቱ፦ ቆይ፣ ልያዘው። ፒያኖው የለም። ኪቦርዱ ዲዳ ነው። መሃል ላይ አስተርጓሚ ቆሟል። በመጨረሻ የሚደርሰው ፊደል ነው።

መምህሩ፦ ጎበዝ።

ታይፒስቱ፦ ታዲያ ፊደሉን ራሱን ለምን አትመታውም? ላፕቶፑ ላይ ሞልቶልህ!

መምህሩ፦ (እንደተሰደበ ሰው ቀና ብሎ) ሙዚቃ በጽሕፈት አይመታም!

ታይፒስቱ፦ ለድምቢጥም እንደዚሁ ነበር ያልካት።

(ድምቢጥ የመምህሩ ልጅ ናት፤ ስሟን ያወጣችላት እናቷ ናት፣ ስትወለድ ከማነሷ የተነሣ።)

መምህሩ፦ ምን ነበር ያልኳት?

ታይፒስቱ፦ የጌሙን ፒያኖ በላፕቶፕ ፊደል ስትመታ አይተህ «ፒያኖ ነው የምትጫወቺው ወይስ ማመልከቻ ነው የምትጽፊው?» ነበር ያልካት። ማመልከቻ ጸሐፊው እኔም እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነበር። ግድ የለም፣ ምንም አልተሰማኝም።

መምህሩ፦ ሁለት ዓመት ሆነው።

ታይፒስቱ፦ ከአራት ወር።

መምህሩ፦ ከዚያ ወዲህ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብቻ። የአየር ጠባይ ዘገባ እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

ታይፒስቱ፦ ደውለህ ይቅርታ በላታ! ስልክ ድምፅ አለው።

መምህሩ፦ ሞክሬያለሁ። ይቅርታው አፌ ላይ ሲደርስ ትምህርት ይሆናል። ባለፈው «አጥፍቻለሁ» ልል ጀምሬ ስለ ጣት አቀማመጥ ሃያ ደቂቃ አወራኋት። ዛሬ ቃል አላወጣም። በየቅዳሜው አሥር ሰዓት ላይ ጌሙ ውስጥ አደባባዩ ላይ ካለው ፒያኖ አጠገብ ትቀመጣለች ብለኸኝ የለ? እዚያ ሄጄ እናቷ ስታስተኛት ታንጎራጉርላት የነበረውን ዜማ እጫወትላታለሁ። በናቅኩት ፒያኖ።

ታይፒስቱ፦ ያቺን ዜማ? ያቺን አንተ ሁልጊዜ የምትስታትን?

መምህሩ፦ እኔ አልስትም! እህትህ ናት የምትስተው።

ታይፒስቱ፦ ራሷ የፈጠረችውን ዜማ?

መምህሩ፦ ሰው የራሱን አይስትም? እኔ ይኸው ራሴን ሠላሳ ዓመት ስቼ የለም እንዴ! አሁን ተወኝና ኪቦርዱን አቀብለኝ።

(ታይፒስቱ ላፕቶፑን አንሥቶ ይሰጠዋል።)

መምህሩ፦ ኪቦርዱን!

ታይፒስቱ፦ ይሄስ ኪቦርድ አይደል?

መምህሩ፦ የኔን! ዲዳውን!

ታይፒስቱ፦ እሺ፣ እሺ። ቆይ ግን፣ ኮት ለምን ለበስክ?

መምህሩ፦ ያለ ኮት ሰው ፊት ተጫውቼ አላውቅም።

ታይፒስቱ፦ ማን ያይሃል?

መምህሩ፦ ጣቶቼ ያውቃሉ።

ታይፒስቱ፦ (ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብሎ) አንተ ግን የትኛው ነህ? እዚህ ብዙ ሰው አለ።

መምህሩ፦ «ፕሮፌሰር» የሚለው ነኝ።

ታይፒስቱ፦ ፕሮፌሰር ነበርክ እንዴ?

መምህሩ፦ በውኑ ዓለም ያልሰጡኝን እዚህ ራሴ ወሰድኩት። ማስረጃ የጠየቀኝ የለም።

ታይፒስቱ፦ ፕሮፌሰሩ ግድግዳ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ቆሟል።

መምህሩ፦ አውቃለሁ። ከትናንት ጀምሮ እንደዚያው ነው፣ ማዞር አቅቶኝ። ስንቱን ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስቀጣ ኖሬ እኔንም ተራዬ ደረሰኝ።

(ታይፒስቱ አራት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ፕሮፌሰሩ ከግድግዳው ተላቆ ዞሮ በአደባባዩ ላይ ይራመዳል። መምህሩ ይህን አላየሁም ለማለት ኮቱን ያስተካክላል።)

ታይፒስቱ፦ ያቻት! ባለቢጫ ባርኔጣዋ። «ድምቢጥ» ይላል ከራሷ በላይ።

መምህሩ፦ (ድምፁ ተለውጦ) ፒያኖው ላይ ናት?

ታይፒስቱ፦ አጠገቡ ቆማለች። ወንበሩ ባዶ ነው።

መምህሩ፦ በል፣ እኔ እጄ ተይዟል። አንተ ጫንልኝ። ተቀመጥ!

(ታይፒስቱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።)

መምህሩ፦ አንተን አይደለም! ሰውዬውን!

ታይፒስቱ፦ ታዲያ «አስቀምጠው» አትልም? (ይጫናል።) ተቀመጠ።

መምህሩ፦ በቃ። ከዚህ በኋላ ምንም እንዳትነካ። (መነጽሩን ያወልቃል።)

ታይፒስቱ፦ መነጽሩስ?

መምህሩ፦ ጣቶቼን ካየኋቸው ይደነግጣሉ።

(ዓይኑን ይጨፍናል። ታይፒስቱ አዲስ ነገር ሲጀመር ኢንተር መምታት የሠላሳ ዓመት ልማዱ ነው፤ ይመታል። ከስክሪኑ ግርጌ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚያወሩበት የመጻፊያ ሳጥን ይከፈታል። መምህሩ መነጽር የለውም፤ ታይፒስቱ የሚያየው የመምህሩን ጣቶች ነው። መምህሩ ይጀምራል። የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ይሰማል።)

ታይፒስቱ፦ (በሹክሹክታ) ጋሼ፣ ምንም አይሰማም እኮ።

መምህሩ፦ (ዓይኑን ሳይገልጥ) ስንት ጊዜ ልንገርህ? ድምፁ እዚህ አይደለም፣ እዚያ ነው።

(ይቀጥላል። ባለጉዳይ እየነገረው ሲጽፍ፣ ሰውዬው ትንፋሽ ሲወስድ የክፍተት ቁልፍ፣ ሲያርፍ ኢንተር ነው የታይፒስቱ አሠራር። መምህሩ ይተነፍሳል፤ ክፍተት። መምህሩ ያርፋል፤ ኢንተር። ሁለቱም አያውቁትም። የመምህሩ ጣቶች ግን የሚያውቁት ሌላ ነገር አለ፦ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ፣ እናትየዋ እያንጎራጎረች፣ እሱ ከዚያኛው ክፍል በፒያኖ እየተከተላት። የመጨረሻውን ቁልፍ ተጭኖ ጣቱን ሳያነሣ ይቆያል።)

መምህሩ፦ ምን አሉ?

ታይፒስቱ፦ (እያነበበ) አንዱ «ድግሱ የት ነው?» ይላል።

መምህሩ፦ ድግስ? ደስታው ተሰምቶታል ማለት ነው።

ታይፒስቱ፦ ሌላው ደግሞ «ፕሮፌሰር፣ ግፍ የሠራብህ ማን ነው?» ይላል።

መምህሩ፦ (ዓይኑ እንባ አቅርሮ) ግፉም ተሰማቸው! አየህ? በዜማ ብቻ! ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ የገባው ተማሪ አንድ አላገኘሁም።

ታይፒስቱ፦ ሦስተኛው «ስስ ያልከው እኔን ነው?» ይላል። ይሄኛው ሊጣላህ ነው።

መምህሩ፦ እሱ… እሱ እንኳ ነፍሱ ስስ ይሆናል።

ታይፒስቱ፦ ጋሼ… እዚህ ላይ «ፕሮፌሰር» ብሎ አንድ ጽሑፍ አለ። ያንተ ነው።

መምህሩ፦ እኔ ምንም አልጻፍኩም።

ታይፒስቱ፦ «ስስ ድግስ። ስስ ድግስ። ግፍ ግፍ ድፍ። ስስ ድግስ።»

(መምህሩ ቀስ ብሎ መነጽሩን ይፈልጋል፤ ያጣዋል፤ የኮቱ ኪስ ውስጥ ነው።)

መምህሩ፦ ፊደሉ… ወደ ፒያኖው አልሄደም?

ታይፒስቱ፦ ወደ ወሬው ነው የሄደው። ደግሞ ትናንት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ አማርኛ ላይ ትቼው ነበር፤ ኤስ «ስ»፣ ዲ «ድ» እየሆነ ፊደሉ ገጥሞ ገጥሞ ቃል ሠራ።

መምህሩ፦ ኢንተር ማን መታ?

ታይፒስቱ፦ (እጁን ከጠረጴዛው በታች እየከተተ) ስታርፍ ጊዜ…

መምህሩ፦ እግዚኦ! ሁለት ዓመት ከአራት ወር አስቤ፣ ኮት ለብሼ ሄጄ፣ በልጄ ፊት «ግፍ ግፍ ድፍ» ብዬ መጣሁ! «ማመልከቻ ትጽፊያለሽ» ያልኩ ሰው፣ በፒያኖ ጻፍኩ! ዝጋው። አሁኑኑ ዝጋው!

ታይፒስቱ፦ ቆይ ጋሼ፣ ድምቢጥ ከጎንህ ተቀመጠች።

(ከላፕቶፑ፣ ጥርት ብሎ፣ የፒያኖ ድምፅ ይወጣል። ያቺው ዜማ ናት፤ በዝግታ፣ ፊደል በፊደል።)

መምህሩ፦ ድምፅ አለው እንዴ?!

ታይፒስቱ፦ ሲጀመር አይሰማም ያልኩህ እኮ ለዚያ ነው።

መምህሩ፦ ግን እንዴት… ከየት አገኘችው?

ታይፒስቱ፦ ከጽሑፍህ ነዋ። እነሱ ኖታቸው ፊደል ነው። እያነበበች ትመታዋለች። (ሙዚቃው ይቆማል።) ጻፈች።

መምህሩ፦ ምን አለች? አንብብልኝ።

ታይፒስቱ፦ «ድግስ አይደለም። ድፍስ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የሚስት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አባዬ?»

(መምህሩ አይናገርም። እንደ ቤቱ ልማድ፣ በዝምታው ሳሎኑ ይናጋል።)

ታይፒስቱ፦ ጨመረች። «ማመልከቻህ ደርሶኛል» ትላለች። ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ ቶሎ መልስ ያገኘ አይቼ አላውቅም።

መምህሩ፦ (አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ) የምስተው እኔ ነበርኩ ማለት ነው። እህትህን በቁሟም ከሞተችም በኋላ ስወቅሳት… ቆይ፣ አስተካክዬ ልላክላት።

(ይጫወታል፤ በጥንቃቄ፣ ጣት በጣት። ስክሪኑ ላይ «ስስ ድፍስ» ይላል።)

ታይፒስቱ፦ ኢንተር ልምታ?

መምህሩ፦ ምታ።

(ይመታል። ይጠብቃሉ። መምህሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው።)

ታይፒስቱ፦ መለሰች። «የለም አባዬ። እኔ የተኛሁት በዚህኛው አይደለም። እማዬ ድፍስ ስትል አንተ ከወዲያ ክፍል ድግስ ትል ነበር፤ ሁለቱን ስሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። የእማዬን እኔ እመታለሁ። አንተ ድግሱን መልስልኝ።»

(መምህሩ ሁለት እጁን ዲዳው ኪቦርድ ላይ ያኖራል።)

መምህሩ፦ እሺ… በየት በኩል ይሂድላት? በፒያኖው ወይስ በወሬው?

ታይፒስቱ፦ (ጣቱን እያዘጋጀ) አንተ ብቻ ተንፍስ ጋሼ። ክፍተቱን እኔ እመታለሁ።