ማንንም የማያምኑት የእድራችን ጸሐፊ

ማንኛውም እድር ሦስት ነገር አያጣም፤ የሚያፈስ ድንኳን፣ የሚያኮርፍ ዳኛ እና የገዛ ጥላውን የሚጠራጠር ጸሐፊ። የፒያሳው እድራችን ሦስተኛውን በክብር ይዟል።

ክቡር ጸሐፊያችን ጋሼ ገብረትንሣኤ አራት ኪሎ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው ነው ጡረታ የወጡት። ስደውልላቸው ስሜን ስልካቸው ላይ እያዩ «ማን ልበል?» ይላሉ።

«ስሜ ይታይዎታል እኮ።»

«የሚታየኝ የስልክህ ስም ነው። የያዘውን ሰው አላየሁትም።»

የአባላቱ ስምና ስልክ ያለበት መዝገብ ላይ የተጻፈ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል። አንዱ ቅጂ እሳቸው ቤት፣ ሌላው ልጃቸው ቤት ይቀመጣል። «ቤት ሊቃጠል ይችላል፤ ሞት ግን መዝገብ እስኪገኝ አይጠብቅም» ይላሉ። የእድሩ ዳኛ ያቤፅ አንዱን ገጽ ፎቶ ሊያነሳ ሲል ኮታቸውን አውልቀው ከደኑት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ዳኛው ነኝ።»

«ዳኛነትህን አልካድኩም። የሰው ስልክ ግን ለቅሶ ሲኖር እንጂ እንዲሁ አይታይም።»

መዝገቡ ይገልበጥበት ብሎ ፍላሽ ያመጣላቸው ቀንማ «ከስንት ኮምፒውተር ጋር ሲያድር ከርሞ ነው የመጣው?» ብለው በፌስታል ጠቅልለው መለሱለት።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የረገጥኩ ሰው ነኝና እስቅ ነበር። ሰፈራችን ፈርሶ ሁለት መቶ አባወራ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተንን ወዲህ የሚያገናኘን ያ መዝገብና የቴሌግራም ቡድናችን ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ትሁት ድምፅ ደወለልኝ። «ከእድር ነው። የድሮ ጎረቤታችሁ አርፈዋል። ለቅሶው የሚነገርበት አዲስ ቡድን ውስጥ ላስገባዎት፤ አሁን ስልክዎ ላይ የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ።»

መርዶ ተነግሮት መታወቂያ የሚጠይቅ የሰፈራችን ልጅ የለም። ማን እንደሞተ እንኳ ሳልጠይቅ ቁጥሩን ነገርኩት። ወዲያው ከገዛ ቴሌግራሜ ተባረርኩ። ሌባው በእኔ ስም ሁለት መቶ ቤት ሊገባ ነው። በባለቤቴ በማኅሌት ስልክ ጋሼ ገብረትንሣኤ ጋ ደወልኩ።

«ማን ልበል?»

«ደምመላሽ ነኝ፣ ጋሼ። ቴሌግራሜን ሰረቁኝ።»

«ደምመላሽ ቅድም ጽፎልኛል። የአባላቱን ስልክ በሙሉ ላክልኝ ይላል።»

«እሱ እኮ ነው ሌባው።»

«እሱም ስላንተ እንዲሁ ይል ይሆናል። የእናትህ ለቅሶ ጊዜ ድንኳኑ የት ተተከለ?»

«ጋሼ፣ አሁን ይሄ…»

«መልስ።»

«ግቢያችን ጠቦ፣ ኑሪ ጋራዥ ውስጥ።»

«ያኛውን ስጠይቀው ግቢያችን ውስጥ አለኝ። ሰፊ ነው ብሎ ጨመረልኝ። መዝገቡ ከእጄ አልወጣም። ለያቤፅ ነግሬ ከቡድኑ አስወጥቼሃለሁ። ማለቴ፣ እሱን።»

አሁን ይዘጉታል ብዬ ጠበቅኩ።

«የኑሪ ጋራዥ በር ቀለሙ ምን ነበር?»

«ሰማያዊ። ከታች የዛገ።»

«ከሱ ቀጥሎስ ማን ነበር?»

«ወይዘሮ ለተኪዳን። አጥራቸው ላይ ወይን ነበራቸው።»

«ይጎመዝዝ ነበር።»

«በጣም።»

እኔ መሆኔን በመጀመሪያው መልስ እንዳወቁ ገብቶኛል። ጋራዡም አጥሩም ዛሬ የእግረኛ መንገድ ሆነዋል። ማኅሌት ስልኳን ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ጀርባዬን ሰጥቻት ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅኩ።