ጣሪያ ላይ ያለው ሰው ምን አየ?

ዕቃ እየረቀቀ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያጣው ነገር ምን ይመስላችኋል? ጥንካሬውን እንዳትሉኝ፤ እሱ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚያጣው ይሉኝታውን ነው። ሰሞኑን ልጄ ፍላሽ የምታክል አንዲት ነገር ገዝቶ መጣ። ላፕቶፑ ጎን ላይ ይሰካታል፣ ከጭራዋ የተንጠለጠለችውን የጣት ቁመት ያላት አንቴና መስኮት ላይ ያቆማታል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ቴሌቪዥን ሆኖ ቁጭ ይላል። ዲሽ የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ በነፃ። ምስሉ ከመጥራቱ የተነሳ ዜና አንባቢው ጠዋት ሲላጭ የዘለላትን ጢም ሳይቀር አይቻለሁ። ታዲያ ንፋስ ገብቶ አንቴናዋን ገፋ ያደረጋት እንደሆነ ስክሪኑ ድርግም ይልና «ሲግናል የለም» ብሎ ይጽፋል። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ እንግዳ አለ፣ ቅር የሚለው ይኖራል አይልም። ወይ ያሳያል፣ ወይ የለም ይላል። በእኛ ጊዜ ቴሌቪዥን እንዲህ ባለጌ አልነበረም።

በእኛ ጊዜ ስል በደርግ ዘመን ማለቴ ነው። ናዝሬት፣ እኛ ሰፈር፣ ቴሌቪዥን ያለው ልብስ ሰፊው ከማል ቤት ብቻ ነበር። (ናዝሬት ያልኩት ያኔ የምንጠራት እንደዚያ ስለነበረ ነው፤ እናንተ አዳማ በሏት፣ ንፋሱ እንደሆነ ያው ነው።) ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ይባል እንጂ ጥቁሩ ከነጩ ተለይቶ የሚታወቅበት ቀን ጥቂት ነው። አንቴናውን ከማል ራሱ ከአሉሚኒየም ቁርጥራጭና ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ሠርቶ ጣሪያው ላይ አቁሞታል። ፊቱን ወደ ሞጆ ካላዞረ ምስል የሚባል ነገር የለም። የናዝሬት ንፋስ ደግሞ ፊቱን ወደ ወለንጪቲ ማዞር ይወዳል።

ስለዚህ ደንብ ነበረን። ከመካከላችን አንዱ በተራው ጣሪያ ላይ ይወጣና ቧንቧውን እቅፍ አድርጎ ይይዛል። እሱ ከላይ «ይታያል?» እያለ ይጮሃል፤ እኛ ከታች «ትንሽ ወደ ግራ! አለፈ! ተመለስ! በቃ እዛው!» እንላለን። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እዛው ነው። ያ ዘመን እኩልነት በየግድግዳው የተጻፈበት ዘመን ነበር፤ በተግባር ሲውል ያየሁት ግን ከማል ጣሪያ ላይ ነው።

ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ወንጂ የሸንኮራ መኪና ይነዱ ነበር፣ ድምፃቸውም ከመኪናቸው ጡሩምባ አይተናነስም። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ አንዲት ልጃቸውን ጫልቱን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ጫልቱ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ገባችና ድምጿ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ደግሞ አዲስ አበባ አደረሳት። ሌላ አባት ቢሆን ሰንጋ ይጥል ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ግን «ነርስ ትሆናለች ስል አዝማሪ ሆና አረፈችው!» ብለው አኮረፉ። የሄደች ዕለት አልሸኟትም። ከዚያ በኋላ ስሟ ሲነሳ ስለ መኪናቸው ጎማ ማውራት ይጀምራሉ።

ከወራት በኋላ ጫልቱ በሰው መልእክት ሰደደች። በመጪው እሁድ በቴሌቪዥን እንቀርባለን፣ አባዬ እንዲያየኝ ለምኑልኝ የሚል ነበር። እኔ ያኔ አስተማሪ ስለነበርኩ ሽማግሌነት ሳልሸብት ነው የተጫነብኝ፤ ሄጄ ነገርኳቸው። «ሳጥን ውስጥ ቆማ ስትውረገረግ ላያት ነው?» ብለው በር ዘጉብኝ።

እሁድ አመሻሽ ላይ ከማል ቤት ቀድመው የተገኙት ማን ይመስሏችኋል? ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው። «ለማየት አይደለም የመጣሁት» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ንፋሱ ከባድ ነው፤ አንቴናውን ልያዝላችሁ ብዬ ነው።» ተራው የእኔ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ከነኮታቸው መሰላሉን ወጡ። ፊታቸውን ሰው እንዳያይባቸው መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

ሰዓቱ ደረሰ፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ስክሪኑ ግን ሰሊጥ የተሰጣበት ሰፌድ ይመስላል። ድምፁም ይመጣል ይሄዳል፤ ሴቶች የሚዘፍኑ ይመስላል፣ ትራክተርም ሊሆን ይችላል። ግራ አልን፣ ቀኝ አልን፣ ሰሊጡ ፍንክች አላለም።

«ይታያል?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ ከላይ። «ኧረ ልጄ ትታያለች ወይ?» አሉ እንደገና፤ አሁን ያ የጡሩምባ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። «ልጄ» ሲሉ ከሰማን ስንት ጊዜያችን! እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

የከማል ሚስት ፋጡማ ናት የጀመረችው። «መጣች! ጋሽ ቶሎሳ፣ መጣች!»

ሁላችንም ዞረን አየናት። እሷም በተራዋ አየችን፤ እንኳን እኛ፣ ጅብ በሚደነግጥበት አስተያየት። ከማል ወዲያው «ነጭ ቀሚስ ነው የለበሰችው!» አለ። እኔ «ከፊት ረድፍ፣ በስተቀኝ!» አልኩ። «ጨሌዋስ! አንገቷ ላይ ያለው ጨሌ!» አለች ፋጡማ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሲሉ ሰምተን ማየት ጀመርን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሰሊጡ መሃል አንድ ነጭ ነገር እኔም አይቻለሁ።

«ዱጋ?» ይላሉ ከላይ፤ እውነት ነው? ማለታቸው ነው።

«ዱጋ!» እንላለን ባንድ ድምፅ።

«ትስቃለች?»

«ትስቃለች!»

ከዚያ ወዲያ ከጣሪያው የሚሰማው የቆርቆሮው መንጓጓት ብቻ ሆነ። ሲወርዱ ዓይናቸው ቀልቷል። «ይሄ አቧራ» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጫልቱ መጣች። ጋሽ ቶሎሳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደው ተቀበሏትና በከማል በር በኩል ይዘዋት ሲያልፉ፣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት አቅፈው ሳሟት። «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ! ያ ነጭ ቀሚስ እንዴት አምሮብሽ ነበር! ከፊት በስተቀኝ ስትቆሚ ቁርጥ እናትሽን!»

ጫልቱ እያለቀሰች ቀና አለች። «የምን ነጭ ቀሚስ ነው አባዬ? የእኛ እኮ አልተላለፈም። ስብሰባ ነበረና እሱን አሳዩ፤ የተቀረጸውን የእኛን ለነገ አዞሩት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው፤ ይሄኛው ሳምንት አድሮ ነው የጠራው። ያ ያየሁት ነጭ ነገር ለካ የስብሰባው ጠረጴዛ ልብስ ኖሯል! ፋጡማ ሰማይ ሰማይ አየች። ከማል የሌለ መርፌ መሬት ላይ መፈለግ ጀመረ። ጋሽ ቶሎሳ አንድ በአንድ አዩንና ድንገት በዚያ የጡሩምባ ድምፃቸው ሳቁ። ልጃቸውን ግን ከእቅፋቸው አልለቀቁም። «ነገ ጣሪያ ላይ የሚወጣው መምህሩ ነው» አሉ።

ወጣሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ? ቧንቧውን እንዳቀፍኩ ጫልቱ ከአባቷ ጋር በበሩ ስትገባ ከላይ አየኋት። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከማል ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። አንገቷ ላይ የፋጡማ ጨሌ አለ።

ፕሮግራሙ ጀመረ። «ይታያል?» ብዬ ጮህኩ።

«ይታያል!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ከፊት ረድፍ በስተቀኝ ናት! ነጭ ቀሚስ! ጨሌዋንማ አትጠይቀኝ!»

«ዱጋ?»

«ዱጋ!»

ዘፈኑ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ ጭብጨባው ቤቱን ያናውጠዋል። እኔ ደግሞ ንፋስ አቅፌ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ። ቧንቧውን ለቀቅኩና በደረቴ ተኝቼ ጭንቅላቴን ከጣሪያው ጫፍ ወደ በሩ አዘቀዘቅኩ። አንቴናው ወዲያው ፊቱን ወደ ወለንጪቲ አዞረ። ማንም ግን «ጠፋ!» ብሎ አልጮኸም።

ስክሪኑ ላይ ሰሊጥ ብቻ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጫልቱ ከፊት ረድፍ፣ በስተቀኝ፣ እንባዋን እየጠረገች ትዘፍንላቸዋለች።

የልጄ ላፕቶፕ ቢሆን ይሄኔ «ሲግናል የለም» ብሎ ያሳጣን ነበር።