ጠመንጃ ጠጋኙ ውጫሌ የገቡ ጊዜ

ዓሣ ጠብሶ የሚያድር ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። የሚያኖርህ የራበው ሰው አይደለም፤ የሚጠብቅ ሰው ነው። የራበው ቆሎውን በኪሱ ይዞ ይመጣል። የሚጠብቅ ሰው ግን ምን ያድርግ? ይቀመጣል። ሲቀመጥ ሻይ ይላል። ሻዩን ሲጨርስ የዓሣው ሽታ ይጠራዋል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ያሳወቁኝም አያ ይማም ናቸው።

አያ ይማም ሐይቅ ከተማ ላይ፣ ከእኔ ዓሣ ቤት ፊት ለፊት ጠመንጃ ይጠግኑ ነበር። የተሰነጠቀ ሰደፍ ከዋንዛ ጠርበው ይተካሉ፤ የላላ ምላጭ ያጠብቃሉ። አዲሱን ሰደፍ ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምን ማለትዎ ነው ብላቸው፣ ሰደፍ በዓይን አይለካም፣ በጉንጭ ነው አሉኝ። ባለቤቱንም አስቀምጠው ትከሻውን በመዳፋቸው ይዳስሱታል፤ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ።

ደግሞም አይቸኩሉም። ከአምባሰል ደጋ የወረደው ገበሬ ጠመንጃውን ያስረክብና ይጠብቃል። አዛን ሲል አያ ይማም ሥራቸውን አስቀምጠው ይነሳሉ፤ ሰግደው ይመለሳሉ። ገበሬው እስከዚያ ጨው ይገዛል፣ ማሩን ይሸጣል፣ ከዚያ እኔ ዘንድ ገብቶ ዓሣ ይበላል።

እኔስ ተመስገን አልኩ? አላልኩም። ይሄ ሁሉ ጠመንጃ ያነገበ ሰው ደጄን ዘጋው አልኩ። ጊዜው ለውጥ መጣ የተባለበት ነበር። ቱሪስት ይጎርፋል፣ ሐይቁ ዳር ሆቴል ይበቅላል ይባላል። ወደ ግሸን የሚያልፍ እንግዳ ዓሣ ሊበላ ከሚኒባስ ወርዶ፣ ጠመንጃ ደርድረው የተቀመጡትን ሲያይ ተመልሶ ሲገባ ሁለት ሦስቴ በዓይኔ አይቻለሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አይደል የሚባለው? እንደዚያ ሆነብኝ።

በዚያው ሰሞን የመሣሪያ ሕግ መጣ። ያለው ያስመዝግብ፣ የሚጠግንም ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ሕጉ አንድ ነው፤ አያያዙ ግን እንደየወረዳው ነበር። በእኛ በኩል አንድ ሹም መጥተው፣ ጥገና ከምግብ ቤት አጠገብ አይሆንም፣ ነዋሪው ካመለከተ ይነሳል አሉ። ማመልከቻ ተጻፈ። ፈረምኩ። ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ።

ስፈርም ታዲያ የአባቴ ምንሽር ጠመንጃ እሳቸው ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥገና ተሰቅሎ ነበር። ወንድሞቼ በአደራ እኔ ዘንድ ያኖሩት፣ ከአባታችን የቀረን ብቸኛ ነገር። ይህን የምታደርግ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አያ ይማም እንዲነሱ ተደረገ፤ የውጫሌ ሹሞች ግን ቦታ ሰጥተው ፈቃዱን አውጥተው ተቀበሏቸው። ዕቃቸውን ሚኒባስ ላይ ሲጭኑ፣ የአባቴም ምንሽር አብሮ ሲጫን በራፌ ላይ ቆሜ አየሁ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። “አብሽሪ የሺ፣ ሩቅ አይደለም” ብለውኝ ሄዱ።

በወሩ ዝናር የሚሰፋው ጎረቤቴ ተከተላቸው። ቀጥሎ ዋንዛ የሚያቀርብላቸው እንጨት ሻጭ ሄደ። ሻይ የምታፈላዋ ልጅ ብርጭቆዋን በዘንቢል ይዛ ወጣች። ተራ የሚጠብቁት ባጃጆች ወደ መናኸሪያው ዞሩ። ቱሪስቱም አልመጣም። ሦስት ሳፋ ዓሣ የሚያመጣልኝ ዓሣ አጥማጅ አንድ ሳፋ ማምጣት ጀመረ፤ እሱንም ጎረቤት እንጂ ገበያተኛ አልበላውም። ከውጫሌ የመጣ ሰው፣ አያ ይማም ደጅ ሁለት ምግብ ቤት ተከፍቷል፣ አልጋም እየተሠራ ነው ብሎ አወራኝ። ባዶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ተገረምኩ። አንድ ሽማግሌና አንድ ሞረድ መንገድ ሙሉ ሰው ያበሉ ነበር፤ እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን የምንበላው ከሐይቁ ይመስለን ነበር።

ምንሽሩን ሄጄ እንዳልጠይቅ ሐፍረት ያዘኝ። እንዳልተወው የወንድሞቼ አደራ ነው። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ዛሬ ነገ ስል ጦርነቱ መጣ።

የመጣው በሰሜን ነበርና ውጫሌ ቀድማን ተፈናቀለች። ሕዝቡ በመንገዱ ሲወርድ ቆሜ ፊት ፊቱን አየሁ፤ አያ ይማምን አላገኘኋቸውም። ብዙም ሳይቆይ እኔም ቤቴን ቆልፌ በእግሬ ወደ ደሴ ወጣሁ። ስለዚያ ጉዞ ብዙ አላወራም። ስመለስ ቤቱ በር አልነበረውም። መጥበሻ የለ፣ ወንበር የለ። የአባቴንም ምንሽር በልቤ ቀበርኩት፤ ወንድሞቼም አልጠየቁኝም።

ቤቴን በቆርቆሮ ጋርጄ በተዋስኩት መጥበሻ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ፣ አንድ ሰው በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክመው ገቡ። አያ ይማም ናቸው። ከስተዋል። ጆንያውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። ምንሽሩ ነው፤ ቅባት ጠጥቶ፣ አዲስ የዋንዛ ሰደፍ ገብቶለት።

መጥበሻውን ከእሳት አወረድኩ። “ከየት አመጡት?” አልኳቸው።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሱቃቸው ውስጥ የሰው ጠመንጃ አሥራ አንድ ነበር። ሁሉንም በቅባት አሽተው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ጓሯቸው ውስጥ ቀበሩና ላዩ ላይ ሽንኩርት ተከሉበት። የራሳቸውን መዶሻ፣ የራሳቸውን መሰርሰሪያ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ሞረድ ሱቅ ውስጥ ትተው ሸሹ። ሲመለሱ ሽንኩርቱ በቅሎ ቆያቸው። ከሱቁ ግን ምስማር እንኳ አልተረፈም።

“የራስዎን ለምን አብረው አልቀበሩም?” አልኳቸው።

“ጊዜ አጠረኝ። የእኔ ቢጠፋ የእኔ ነው የሺ። የሰው ግን አማና ነው፣ አደራ ነው።”

አሥሩን ለየባለቤቱ በእግራቸው እየዞሩ አድርሰዋል። የአንዱ ባለቤት በጦርነቱ ሞቶ ኖሮ፣ ግሸን አጠገብ ደጋ ወጥተው፣ ሚስቱን አስተዛዝነው በእጇ ሰጥተዋታል። ማንንም በወረቀት አልመዘገቡም፤ ሁሉንም በትከሻው ነው የሚያውቁት። የእኔ የመጨረሻው ነበር። ሰደፉን በተዋሱት ሞረድ ሊጨርሱት ብለው አቆይተውት ነው።

አላስችል አለኝ። “አያ ይማም፣ እኔ እኮ ፈርሜብዎታለሁ።”

“አውቃለሁ። ወረቀቱን አሳይተውኛል። ጽሕፈትሽ ያምራል።”

“ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ደከሙ?”

ምንሽሩን አየት አድርገው፣ “እሱ አልፈረመብኝም” አሉ። ከዚያም ዓሣ እንዳለ ጠየቁኝ። ሰውየው ከውጫሌ ተነስተው በእግራቸው ነበር የመጡት፤ ርቧቸዋል። ትልቁን ቆሮሶ ዓሣ ጠበስኩላቸው። ሲበሉ አፍጥጬ አየኋቸው። በዕድሜዬ ቄስም ሼህም ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የሰበከኝ ግን የለም።

ተመለሱልን ብዬ ለመንኳቸው። ፈቃዴ ውጫሌ ነው፣ ያስጠጉኝን ሰዎች ጥዬ አልመጣም አሉ። እኔ ምን ላድርግ? ሐይቁ አይነቀልም፤ ዓሣው ግን ሚኒባስ ይሳፈራል። አሁን በገበያ ቀን ሳፋዬን ጭኜ ውጫሌ እወጣለሁ፤ አያ ይማም ደጅ እጠብሳለሁ።

ባለፈው ገበያ አንድ ሰው ጠመንጃውን አስረክቦ ሊጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀና ስል ያን ማመልከቻ ያስጻፉን የእኛው ሹም ናቸው። ከሐይቅ እዚህ ድረስ ምነው ደከሙ አልኳቸው።

“ምን ይደረግ የሺ” አሉኝ፣ ዓሣቸውን እየቆረሱ፣ “የእኛ ከተማ እኮ ባለሙያ አይበረክትላትም።”