ባሮ ዳር የደበቅኩት ሳጥን

ሰው ዕቃ የሚደብቀው እንዳይገኝበት ነው። ብር ከፍራሽ ሥር፣ ስኳር ከልጆች እጅ፣ አዲስ ጫማ ከወንድም ዓይን ይደበቃል። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ እናንተም ቤት የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተደብቋል። እኔ ግን ላለፉት ጥቂት ዓመታት የገጠምኩት፣ ዕቃ የሚደብቁት እንዲገኝ ብለው ከሆነ ሰዎች ጋር ነው። የደበቁት ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ ያዝናሉ። እንዲህ ያለ ሰው ባደግኩበት ሰፈር ቢታይ፣ ሳይውል ሳያድር ጠበል ይወስዱት ነበር።

ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንዱ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ሳጥን ውስጥ ደብተርና እርሳስ ይከትና አንድ ቦታ ይሸሽገዋል። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በስልኩ አንብቦ ኢንተርኔት ላይ ያሰፍራል። ሌላው ስልኩን እያየ ይመጣል፣ ይፈልጋል፣ ካገኘ ደብተሩ ላይ ስሙን ጽፎ ሳጥኑን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። በቃ። ሽልማት የለው፣ ዋንጫ የለው። ምን ይጠቅማል ካላችሁኝ፣ ባለቤቴም ይህንኑ ጠይቃኝ እስካሁን መልስ እየፈለግኩላት ነው።

የለከፈኝ ፑኝዶ፣ የስደተኞች ጣቢያው ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ጋምቤላ ከመጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ቤቴም ኒውላንድ ሰፈር ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ኬክሮስና ኬንትሮስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳሰምር ኖሬ፣ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይገኛል የሚል ሰው ሲመጣ እንዴት ልቤ አይሸፍት? ፈረንጁ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። በሽታው እኔ ዘንድ ቀረ።

ጨዋታ ነው ብላችሁ ደግሞ አትናቁት፣ ሕግ አለው። ሳጥኑን መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። ዛፍ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው። የሚበላ ነገር መክተት ክልክል ነው። የቦታው ባለቤት መፍቀድ አለበት። ከሁሉም በላይ፣ የደበቀው ሰው በየጊዜው እየሄደ ሳጥኑን ማየት፣ ደብተሩ ከረጠበ መለወጥ፣ ክዳኑ ከተሰበረ መጠገን አለበት። ይህን ሁሉ በፈቃዱ የሚመረምር ሰው አለ፤ እሱ ካላጸደቀው ሳጥኑ ኢንተርኔት ላይ ገጽ አያገኝም። ሕግ ባይባልም ሕግ የሚያህል ወግም አላቸው፦ ስታስቀምጥም ሆነ ስትፈልግ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው አይይህ።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ሕጉን ሳነብ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ፈቃድ ነው ያላችሁት? የራሴን ሳጥን ባሮ ወንዝ ዳር ለመደበቅ ቀበሌ ሄጄ ደብዳቤ አጻፍኩ። ጸሐፊዋ ነገሩ ቢያቅታት «ለትምህርታዊ ጉዳይ» ብላ ጻፈችልኝና ማኅተም ተመታበት። ባሮ ዳር ከሚውለው ሰው አንዱም ያንን ደብዳቤ አላየውም፤ ማኅተም ካለ ሰው መጠየቅ ትርፍ ነገር ነው ብለን የምናምን ሰዎች እኮ ነን። ለመርማሪው በኢንተርኔት የሚላከው ቅጽ ላይ «ፈቃድ አለህ ወይ?» ለሚለው አዎ አልኩ። «በየጊዜው ትጎበኘዋለህ ወይ?» ለሚለውም አዎ አልኩ፤ ማንም ሳያስገድደኝ «በየሁለት ወሩ» ብዬ ጨመርኩበት።

የመረጥኩት ቦታ ከድሮው የመርከብ ወደብ አለፍ ብሎ ያለ አንድ ያረጀ ማንጎ ነበር። ግንዱ ወንዙ በኩል ሥሩ ተገልጦ ሳጥን የሚያህል ጎድጓዳ አበጅቷል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከማንጎው ሥር አቶ ኦጁሉ አሉ። አቶ ኦጁሉ አዛውንት አኙዋ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ማንም ሳያየኝ ላስቀምጥ ብዬ አምስት ከሰዓት ተመላለስኩ። ምን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ ወፍ እያየሁ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ በመጣሁ ቁጥር ሥራቸውን አቁመው፣ እዚያ አንድ አለልህ፣ እዚህ ሌላ አለልህ እያሉ ወፍ ሲጠቁሙልኝ ይውሉ ጀመር። በአምስተኛው ቀን መረባቸው ላይ ሲያጎነብሱ ጠብቄ ሳጥኑን ጎድጓዳው ውስጥ ሸጎጥኩት። ቀና ስል እያዩኝ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እኔም ነቀነቅኩና፣ ሰላምታ ነው፣ አላዩኝም ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በመጀመሪያው በጋ ነገሩ ሠመረ። የረድኤት ሠራተኞችና አንድ ሁለት መንገደኞች አገኙት፤ ገጹ ላይ ቦታውን አመሰገኑ። እኔም እንደ ባለርስት ተንጎራደድኩ። ከዚያ የፈተና እርማት መጣ። ከእርማቱ በኋላ ሙቀቱ መጣ፣ ከሙቀቱ በኋላ ጭቃው። ከኒውላንድ እስከ ወንዙ ድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሆነ የጋምቤላ ሰው ያውቃል፤ ለማያውቀው ግን ለጊዜው ሩቅ ነው ልበልና ልለፈው። በየሁለት ወሩ ያልኩት ሰውዬ ስምንት ወር ሙሉ ሳልረግጠው ቆየሁ።

ነሐሴ ላይ «ፈለግን፣ አጣን» የሚል መልእክት መጣ። ሳምንት ሳይቆይ ሌላ ተከተለ። መርማሪውም በትሕትና፣ እባክህ ሄደህ እይ ሲል ጻፈልኝ። እንደ ተደፈረ ሰው እየተናደድኩ ወረድኩ። ባሮ ሞልቶ ማንጎውን ሊደርስበት ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጎድጓዳው ባዶ ነው። አቶ ኦጁሉ ከዳገቱ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ላይ አረንጓዴ እርሳስ ተሰክቷል። የእኔ እርሳስ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ባቆምላችሁ ደስታዬ ነበር። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፣ ታንኳ የሚያስሩ ወንዶች አሉ፣ አጠገባቸው አሪየት የምትባል ዓሣ ሻጭ ሳፋዋን ይዛ ቆማለች። አቶ ኦጁሉን፣ እርሳሱን ከየት አመጡት አልኳቸው። «ከሳጥን» አሉኝ፣ ምንም ሳይደብቁ። ቀጥለው የሚሉት ነገር እንደነበራቸው አፋቸው ያስታውቅ ነበር፤ እኔ ግን አላስጨረስኳቸውም። ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባባ፣ የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ ሲያነሱ ስርቆት ይባላል» አልኩ። እርስዎ እያልኩ፣ በሙሉ አክብሮት፣ በሰው ፊት ሌባ አልኳቸው። ሴቶቹ ማጠቡን አቆሙ።

አቶ ኦጁሉ ተነሥተው ዳገቱ ላይ ወዳለችው የመረብ ማስቀመጫ ጎጆ ገቡና በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሲፈቱት ሳጥኑ ነው። ደርቋል፣ ተወልውሏል። ደብተሩ ረጥቦ እንደነበረና ቅጠል በቅጠል ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ከመሸብሸቡ ያስታውቃል። መጨረሻው ገጽ ላይ አራት መስመር ተሰምሯል። ትርጉሙ አልገባኝምና ቀና ብዬ ወደ አቶ ኦጁሉ አየሁ።

«ውኃ መጣ፤ ወደ ላይ አደረግኩ» አሉኝ አንደኛውን መስመር እየነኩ። ቀጥሎ ያለውን ነኩ። «ውኃ መጣ፤ ወደ ላይ አደረግኩ። አራት ጊዜ። አንተ አልመጣህም።»

የሚፈልጉት ሰዎች ሲመጡ ጠርተዋቸው እንደነበረም ነገሩኝ። እርሳሱን ጆሯቸው ላይ የሰኩት፣ የሚያውቅ ሰው አይቶ ይጠይቃል ብለው ነው። ሰዎቹ ግን የጨዋታውን ወግ አክባሪ ናቸዋ። አንዱም አልጠየቃቸውም፤ ወፍ እያየን ነው ብለው እየሳቁ ሄዱ። እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት፣ ክዳኑን ጠብቆ መዘጋቱን በጣታቸው ዙሪያውን አዩት፣ እጄ ላይ አኖሩልኝና ወደ መረባቸው ተመለሱ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። የሰው ዓይን በበዛበት ቦታ ሌባ ለማለት ያልቸገረኝ ሰው፣ እዚያው ቦታ ይቅርታ ለማለት አፈርኩ። ሳጥኑን ታቅፌ ሄድኩ።

ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም እንዳትሉኝ፤ ጠይቄአለሁ። ኢንተርኔት ላይ፣ በሳጥኑ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቼ። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ። ከማላውቀው አገር ሰዎች ልባችን ተነካ ብለው መልስ ሰጡኝ። መርማሪውም አመሰገነኝ። አቶ ኦጁሉ ስልክ የላቸውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ እሄዳለሁ ስል ሰንብቼ በመጨረሻ ወረድኩ። ከማንጎው ሥር ማንም የለም። አሪየትን ብጠይቃት፣ ኦጁሉ ፑኝዶ ልጁ ጋ ሄዷል፣ መረቡንም ጠቅልሎ ወስዷል አለችኝ። ያን ቀን የነበሩት ሴቶችም አሉ። የአቶ ኦጁሉ አለመኖር ይሁን ምን እንጃ፣ ድፍረት አገኘሁ። ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አቶ ኦጁሉ ምንም አልሰረቁም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ስማቸውን ያጠራሁላቸው መስሎኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

አሪየት ዓሣዋን እየገለበጠች አዳመጠችኝ።

«ቲቸር፣ እሱን ለኛ ለምን ትነግረናለህ?» አለች። «ኦጁሉ ሌባ አይደለም፤ እኛ እናውቃለን።»

ታዲያ ለምን ሄዱ አልኳት።

«አንተ ዕቃህን አስቀመጥህ፤ እሱ እያየ፣ እሱ ቦታ። ራስህን ነቀነቅህለት። ለሰው ሁሉ ‹ቲቸር አደራ ሰጠኝ› እያለ ነበር። ማንም እንዲነካው አልፈቀደም።» ዓሣዋን በእርጥብ ቅጠል ሸፈነች። «አንተ ጓደኛው መስለኸው ነበር።»

ፑኝዶ ሩቅ አይደለም፤ መኪና አለ። አልሄድኩም። እሄዳለሁ እንዳልላችሁ ደግሞ የእኔን እሄዳለሁ አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሳጥኑን መንከባከብ ያልቻለ ሰው ገጹን እንዲዘጋ ሕጉ ያዛል፤ ዘጋሁት። መርማሪው ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈልኝ። ሳጥኑን ከቦታው አንስተሃል ወይ፣ እዚያ የተውከው ነገር የለም ወይ ሲል ጠየቀኝ። ሲያጸድቅልኝም ሲዘጋልኝም ቅጹ ያው ነው፤ አዎ ወይም አይደለም ከማለት ሌላ ቦታ የለውም። ለመጀመሪያው አዎ አልኩ። ሁለተኛውን ሳልመልስ ላክሁለት፤ እሱም ሳያስተውል አጸደቀው።